የሱቅ ተቆጣጣሪን ሥልጣንና ጣጣ ለመወሰን የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ነጋሪት የለንምና የብረት መዝጊያው ተጎስሟል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ላይ ሲገፋ መንደሩን በሙሉ ስለሚቀሰቅስ ከነጋሪት አያንስም። ግራሶ ይቀባ ብለን ካመለከትን ሁለተኛ ዓመታችን ነው።

እኛ፣ ሥዩመ ጋሼ፣ ንጉሠ መደርደሪያ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የምንይዝ፣ የካዝናውን የማንይዝ፣ በአዲስ አበባ ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት የሚገኘው ሚኒ ማርኬት ተቆጣጣሪ፤

ለእናታችን «ማናጀር ሆንኩ» ብለን ስለ ነገርናት፣ እሷም ለዕድሩ ሁሉ ስለ ተናገረች፣ አሁን ማስተባበል የማይቻል በመሆኑ፤

ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ሲያውጅ ስለ እኛ የጻፈውን አንድ ገጽ ፈልገን ስላጣን፤

ደንበኛ ሲቆጣ «ኃላፊውን ጥሩልኝ» ካለ በኋላ፣ ኃላፊው ሲመጣ ከእግሩ እስከ ራሱ አይቶ «አንተን አይደለም፣ ዋናውን ነው» ማለቱን በሕግ ማስቆም አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

ጋሼ ለለቅሶ ክፍለ ሀገር በመሄዳቸው የተገኘውን ክፍተት በመጠቀም የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የተቆጣጣሪ አዋጅ ቁጥር 1/2018» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሠራተኞች «ደሞ ጀመረው» ብለው እንደሚጠቅሱት ግን ይታወቃል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ጋሼ» ማለት በአካል የማይገኙ፣ በስልክ የማይጠፉ የሱቁ ባለቤት ናቸው።

«እየመጣ ነው» ማለት ዘይት የለም ማለት ነው። «ነገ ይገባል» ማለትም ዘይት የለም ማለት ነው።

«መልስ» ማለት ዝርዝር ብር ሲሆን፣ ዝርዝር ሲጠፋ ማስቲካን ይጨምራል። ይህን ትርጓሜ የሰፈራችን እማማ አይቀበሉትም። ባለፈው ሳምንት ካሸሯ በ3 ብር ፈንታ ማስቲካ ብትሰጣቸው፣ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው ድዳቸውን አሳዩን። «በምኔ ላኝከው ልጄ?» አሉ። ከኪሳችን 5 ብር ሰጠናቸው፤ 2 ብር መልስ እንዲሰጡን ስንጠብቅ ማስቲካውን መልሰው ሄዱ።

3. ስለ ሥራ መሪነት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራም ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈለው ይላል። ይህን ባነበብንበት ምሽት እንቅልፍ አልወሰደንም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 3 ሰዓት ስንቆጥር 13 ሰዓት ተኩል ሆነ። የፋሲካ ዋዜማንማ አንቁጠረው።

በማግሥቱ አዋጁን በስልካችን ይዘን ጋሼ ዘንድ ቀረብን። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ወረድ አሉና አንዲት መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። አዋጁ «የሥራ መሪ»ን አይመለከትም። «አንተ እኮ መሪ ነህ!» ብለው ትከሻችንን መታ መታ አደረጉን። በዕድሜያችን እንደዚያ ቀን የተከበርንበት የለም፤ እንደዚያ ቀን የከሰርንበትም የለም።

ሕጉ የሥራ መሪ የሚለው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለውንና መሰሉን ነው። እኛ እስከ ዛሬ የቀጠርነው መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የሚያስነሣልንን የጎረቤት ጎረምሳ ብቻ ነው፤ እሱንም ለ5 ደቂቃ። ያሰናበትነው አንዲት ድመት ነው። ተመልሳ ገብታለች።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ተቆጣጣሪ የትርፍ ሰዓት ሲሠላ መሪ፣ ጉድለት ሲሠላ ሠራተኛ፣ የውኃ ካርቶን ሲራገፍ ደግሞ ወዛደር መሆኑ ቀርቶ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል። ምርጫው በጽሑፍ ለጋሼ ይቀርባል። ጋሼ ያስቡበታል።

4. ስለ ዋጋ

ዋጋ ሲጨምር ከምሽቱ 4 ሰዓትም ቢሆን ይደወልልናል፤ ሲቀንስ ኔትወርክ የለም። በዚህ ምክንያት መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋና ካሽ ማሽኑ የሚያወጣው ዋጋ ተጣልተው ያድራሉ፤ የምናስታርቃቸውም ሁልጊዜ ሰልፍ ላይ 6 ሰው እየጠበቀ፣ ልጅ ያዘለች እናት እየተቆጣች ነው። ልብ በሉ፣ እናትየዋ ትክክል ናት። እኛም ትክክል መሆኗን እናውቃለን። «ሲስተሙ ነው እህቴ» የምንለው ሲስተሙ መልስ ስለማይሰጥ ነው።

«ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ብሎ የሚያንሾካሹክ ደንበኛም አለ። ይህ ሰው የቫቷን 15 በመቶ ለማትረፍ የፈለገ ጎረቤት ወይም እኛን ሊፈትን የመጣ የገቢዎች ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጃኬት ይለብሳሉ። ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ድምፅ ከፍ አድርጎ «ደረሰኝ ግዴታ ነው ወንድሜ!»

5. ስለ ወተትና ስለ እጅ ርዝመት

መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ ብለን፣ ቀኑ የቀረበውን ወተት ከፊት፣ አዲሱን ከኋላ እንደረድራለን። ደንበኛ ደግሞ ይህን ያውቃል። እጅጌዋን እስከ ክርን ሰብስባ፣ ጉንጯን ፍሪጁ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጣራ ላይ ተክላ በዳሰሳ የኋለኛውን የምታወጣ እመቤት አለች። ሐኪም እንኳ ያን ያህል አይጠነቀቅም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የፊተኛው ወተት ከነሙሉ ማዕረጉ ቆሞ ይቀራል፤ 55 ቀን ደግሞ አይጠብቅም። የተበላሸውን በመዝገብ የሚያሰፍረው ተቆጣጣሪው ነው፤ «ለምን አልሸጥከውም?» የሚባለውም እሱ ነው።

6. ይህ አንቀጽ በካሽ ማሽን ወረቀት ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር። ለአንድ ደንበኛ ደረሰኝ ሆኖ ሄዷል።

7. ስለ ቴሌብር

ደንበኛው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው ልኬያለሁ» ይላል። አይላክ አላልንም። ነገር ግን መልእክቱ የሚገባው ጋሼ ስልክ ላይ ነው፤ ስክሪንሾት ደግሞ ፎቶ ነው፣ በፎቶ ስንቱን አይተናል! ስለዚህ ወደ ጋሼ ይደወላል፦

«ጋሼ፣ 1,240 ገብቷል?»

«የማን?»

«የደንበኛ።»

«ቆይ መነጽሬን...»

በዚህ መካከል ደንበኛው ሌባ የተባለ መስሎት ፊቱ ይቀላል፤ ያልተባለ ቢሆንም «አልተባልክም» ማለት ራሱ የተባለ ያስመስላል። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ደንበኞች ወንበር እንዲቀርብላቸው ታውጇል። ወንበሩ የካሸሯ ነው፤ እሷ ትቆማለች።

8. ስለ ጉድለት

ማታ ዜድ ይወጣል። ዜድ ማለት ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የሠራውን የሚናዘዝበት ረጅም ወረቀት ነው። ከዚያ መሳቢያው ይቆጠራል፣ ከኑዛዜው ጋር ይገጥማል ወይም አይገጥምም። ባለፈው ሐሙስ 140 ብር አልገጠመም።

ሦስት ጊዜ ቆጠርን። የተጣበቀ ብር ይኖራል ብለን ሁለት መቶዎቹን በጣታችን እየለየን አንድ በአንድ ቆጠርን፤ የመሳቢያውን ፕላስቲክ ነቅለን አራገፍን፤ የቴሌብሩን ዝርዝር እንደገና ደመርን። ካሸሯ ማንም ሳይጠይቃት የጋውኗን ኪስ ወደ ውጭ ገለበጠችው። ለታክሲ የያዘችው ዝርዝርና አንድ የፀጉር መርፌ ወደቁ። መርፌውን አንሥተን ስንሰጣት ቀና ብላ አላየችንም።

ያው አዋጅ 1156/2011 ከደመወዝ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ወይም ያለ ሕግ አይቆረጥም፣ ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም ይላል። እሷ ሠራተኛ ናትና ይህ ይመለከታታል። የሱቁ ልማድ ግን ሌላ ነው፦ ጉድለት ሲገኝ መሳቢያውን የያዘው ሰው ነው፣ ትርፍ ሲገኝ የጋሼ ነው። ስለሆነም ተቆጣጣሪው ማንም ሳያየው ጉድለቱን ከኪሱ መሙላት ይችላል፤ ይህን ግን ለማንም አያወራም። (ይህ አንቀጽ ሲነበብ ካሸሯ እንዳትሰማ ዕቃ ቤት ትላክ።)

ቅዳሜ መደርደሪያው ሲጸዳ ከማስቲካው ሣጥን ሥር 100 ብር ተገኘ። ትርፍ ተብሎ ተመዘገበ።

9. የተሻሩ ልማዶች

«አንተ» ተብሎ በጣት መጠራት፣ «እስቲ ያንን ከላይ አውርድልኝ» ካሉ በኋላ ሳይገዙ መሄድ፣ መዝጊያው ግማሽ ከወረደ በኋላ አጎንብሶ ገብቶ «አንድ ዳቦ ብቻ» ማለት ተሽረዋል። የመጨረሻው ለነፍሰ ጡር አልተሻረም።

10. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ መዝጊያው ላይ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ ጋሼ ከለቅሶ እስኪመለሱ ድረስ የጸና ይሆናል። ፊርማችንን አኑረናል። ማኅተም ያልተመታበት ማኅተሙ ጋሼ ቤት ስለሆነ ነው።