ጥላ የሚመረጠው በነፋስ ነው

አዲስ አበባ እያለሁ ድንኳን የሚገዛ ሰው አላውቅም ነበር። ድንኳን የእድር ነው። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ የእድሩ ልጆች ጭነው ይመጣሉ፣ ይተክላሉ፣ አግዳሚውን ይደረድራሉ፣ ሲያበቃ ነቅለው ይሄዳሉ። ከባለጉዳዩ የሚጠበቀው መዋጮ አለማሳለፍ ብቻ ነው። ሐርጌሳ ሲኖሩ ግን እንጀራው ሞልቶ የእድር ድንኳን ይጠፋል።

ከተማዋ 1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች፣ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት የበርበራ ሰው እንኳ ወደዚህ ይሸሻል። ፀሐዩ ግን ያው ፀሐይ ነው፤ የግራሩም ጥላ ከግማሽ በላይ ቀዳዳ ነው። ዓርብ ዓርብ ጀበናችንን ይዘን ወደ ናሳ ሐብሎድ መንትያ ኮረብቶች አቅጣጫ ብቅ ስንል ዝንቡ፣ በተለይ ጉ ከሚባለው የዝናብ ወቅት በኋላ፣ ሳይጠራ ከኛ ቀድሞ ይቀመጣል። ስለዚህ መረብ ግድግዳ ያለው፣ ታጥፎ የሚያዝ ድንኳን በመዋጮ እንግዛ ተባለ።

ሐበሻ ሲያዋጣ አስተያየቱንም አብሮ ያዋጣል። ከመካከላችን መሐንዲሱ ስፋት አለ። ሱቁ ውስጥ ሻጩ ወጣት «ዋላል (ወንድሜ)፣ ይሄ ሦስት በሦስቱ አሥር ሰው ይይዛል» ሲለው ወለሉ ላይ በእርምጃ ለካና፣ «አሥሩ ቆመው ነው። ረከቦት፣ ከሰልና ፈንድሻ መሃል ከገቡ ስድስት ነን» ብሎ ፈረደ። ቡናችንን የምታፈላው ደግሞ ከሰሉ ውስጥ አይገባም በሚለው ተቆጣች። ጨርቁ ፖሊስተር ነው፤ የሳናግ ተራሮች ዕጣን የቱንም ያህል ቢሸት ፍንጣሪ ምሕረት የለውም። ከሰሉ በር ላይ፣ ነፋሱ ጭሱን ከድንኳኑ በሚያርቅበት በኩል ይሁን በሚል ታረቁ።

መረቡን እኔ መረመርኩ። ጥቁር መረብ ከነጭ ይሻላል፤ ነጩ ብርሃን እየመለሰ ዓይን ይጋርዳል፣ በጥቁሩ ኮረብታው ጥርት ብሎ ይታያል። ቀዳዳው በጣም ሲደቅ ትንኝም አይገባም፣ አየርም አይገባም። ዝንብ ለሚያስመርረው ሰው መካከለኛው ይበቃል። ዚፑ ባለወፍራም ጥርስ ይሁን፣ ቀጭኑን አሸዋ ያንቀዋል። ከታች መሬት ላይ የሚተኛ ጠርዝ ከሌለው ደግሞ ዝንብ በር አንኳኩቶ መግባት አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ስናመሰጥር አንዲት በዕድሜ የገፉ ሶማሊ እናት አጠገባችን ቆመው ያዩናል። ጨርቁን አልነኩም፣ መረቡንም አላዩም። ከከረጢቱ ካስማውን በሁለት ጣት አወጡና እንደ ክብሪት እንጨት ጎበጥ አድርገው፣ «በዚህ ፍየል አይታሰርም» አሉ።

እሳቸው የሚያውቁት አቃልን ነው። የሶማሊ አርብቶ አደር ሴቶች የሚሠሩት፣ የሚተክሉትና የሚነቅሉት ይህ ቤት በተለመጡ እንጨቶች ቆሞ ሰሌን ይለብሳል፤ በገመድ ይጠፈርና፣ ጉዞ ሲመጣ ግመል ላይ ይጫናል። ክብ ስለሆነ ነፋስ የሚገፋው ጠፍጣፋ ግንብ አያገኝም። እኛ የጓጓንለት ባለአራት ማዕዘን፣ እግሩ ተስቦ የሚዘረጋው ድንኳን ግን በደቂቃ ይቆማል፣ ነፋስ ሲመጣም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይነሣል። መረብም ቢሆን ነፋስ ይይዛል።

ሴትየዋ ሲሄዱ ክርክራችን ስለ ነፋስ ብቻ ሆነ። ተለማጭ ዘንግ ያለውን፣ ጣሪያው ሾጠጥ ያለውን መርጠን በስልክ ገንዘብ በዛድ ከፈልን። የካስማውን ከረጢት ለሻጩ መልሰን ጆንያና ወፍራም ገመድ ገዛን። አሸዋ ላይ አጭር ካስማ አይይዝም፤ አሸዋ የሞላ ጆንያ ገመዱ ታስሮበት ሲቀበር ግን ይይዛል።

እናንተም የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ስለ ቀለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት ገመዱ ስንት ቦታ እንደሚታሰር ጠይቁት። በዝናብ ወራት ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትትከሉ፤ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይኛው አገር የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ሲነሣ ደግሞ የትኛውም ድንኳን አያዋጣም፤ ቡናችሁን ቤታችሁ ጠጡ።