የንብ አናቢው አቋም

ጓደኛዬ ፖድካስት ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ማይኩ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ከጀርባው የሚታይ የመጽሐፍ መደርደሪያም አለ (መጻሕፍቱ የውሰት ናቸው)። ያጣው እንግዳ ነው። ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ! የማንንም ስም ብትጠሩለት ቀድሞ የሚጠይቃችሁ «አቋሙ ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

ሰሞኑን አንድ ንብ አናቢ ጠቆምኩት። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ቀፎ ማውራት ከጀመሩ በረካው ቀርቦ ይቀዘቅዛል።

«አቋማቸውስ?»

«ስለ ንብ?»

«ስለ አገር ነዋ!»

ስልኩን አወጣና የሽማግሌውን ፌስቡክ ወደ ታች ይስበው ጀመር። የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት፣ የልጅ ልጅ ልደት፣ የአደይ አበባ ፎቶ እያለ 2010 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ጮኸ። «ይኸው፣ ለለውጡ አጨብጭበዋል!»

«በዚያ ዓመት ያላጨበጨበ ከፈለግህ ያኔ ያልተወለደ ጋብዝ» አልኩት። መች ሰማኝ! ጭራሽ ሌላ ጣጣ ታየው። «ደግሞስ፣ በ1997 ምርጫ የኢሕአዴግ ምልክት ምን ነበር?» እውነቱን ነው፤ ንብ ነበረች። ሽማግሌው ስለ ንግሥቲቱ ካነሱማ ዘውድ ናፋቂ መባላቸው ነው።

ስለ ማር የሚጠየቅ ሰው ማንን እንደመረጠ ማወቁ ምን ያደርግልናል? ስለ ፖለቲካ የሚጠየቀውንማ የሚያስጋብዘው ራሱ አቋሙ ነው። ገነት አየለ ሐራሬ ድረስ ሄዳ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ጠይቃ መጽሐፍ አወጣች። በቀይ ሽብር ልጁን ያጣ ሰው ያን መጽሐፍ ማየት ቢጠላ አልፈርድበትም። ግን ኮሎኔሉ ስለዚያ ዘመን የሚሉትን ለማወቅ ከእሳቸው ሌላ ማን ይጠየቅ ነበር? «እነ እገሌን ፍጁ» የሚል ሰው ግን ከእኔ ማይክ አያገኝም፤ እሱን ከአቋም አልቆጥረውም።

እኔን ከእንግዳው ይልቅ የሚያሰጋኝ ጠያቂው ነው። የሚስማማውን ሰው አስቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ልክ ነው፣ ትክክል» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ከሚሆን የማይስማማውን ጠርቶ «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ ቢያፋጥጥ ይሻላል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ምንም አቋም የሌለው ሰው አገኘ። ሰውየው ስለ ምንም ነገር ሐሳብ ስላልነበረው ቃለ ምልልሱ በዘጠኝ ደቂቃ አለቀ። ከሥር የተጻፈው የመጀመሪያው ኮሜንት ደግሞ «ዝምታው የማንን ወገን እንደያዘ ያሳብቃል» ይላል።

እናንተም «ይህን ሰው ለምን ጋበዛችሁት?» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ያለውን ስሙት።