ብርዱ አልተስማማኝም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ቢሮ የለኝም፤ ማኅተምም የለኝም። ያለኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመኔ የተገራ የእጅ ጽሑፍ ነው። ደመወዜ አቦል ቡና ነው። ቶናና በረካው ጉዳዩ ሲሳካ የሚከፈል ቀሪ ሒሳብ ስለሆነ እስካሁን ብዙም አልጠጣሁለትም።

ድሮ የሚመጣልኝ ጉዳይ የድንበር መግፋት፣ የቀበሌ ቤት፣ የመብራት ቆጣሪ ነበር። አሁን ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልጅ ያስተማረ ሰው በሬን ካንኳኳ፣ ገና በርጩማው ላይ ሳይደላደል የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ዝውውር»። የአንዱ ልጅ እዚህ ተመድቦ ወደዚያ መሄድ ይፈልጋል። የሌላው ልጅ እዚያ ተመድቦ ወደዚህ መምጣት ይፈልጋል። ባለበት ደስ ብሎት የተቀመጠ ተማሪ እንዳለ አላውቅም፤ ቢኖርም ማመልከቻ ስለማያስፈልገው እኔ ዘንድ አይመጣም።

የእህቴን ልጅ ነገር ላውራችሁ። በጥር 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3 ሰው ግድም። ልጃችን ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ተገኘ። እህቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ በግ ታረደ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ እኔም ብድግ ብዬ መረቅሁ። ከዚያ ምደባ ወጣ፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው።

ከቤቱ እስከ ግቢው በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። የዚያን ቀን ማታ እህቴ ቤት ስገባ ጎረቤቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው በዝምታ ተቀምጠዋል። የበጉ ቆዳ ገና አልደረቀም፤ ሐዘን ተቀምጠዋል። አንዷ «የባሰ አታምጣ ነው፤ ምን ይደረጋል» ትላለች። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። «ምን ሆነ?» ብል፣ እህቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ልጄን እኮ እዚሁ ጣሉብኝ» አለችኝ። እዚሁ ማለት እናቱ ጉያ ማለት ነው።

ለነገሩ እኛ ማርቆሶች ዩኒቨርሲቲ እስኪሠራልን የነበረንን ናፍቆት አስታውሳለሁ። ሌላው አገር ሲኖረው እኛ ለምን ያላልንበት ጊዜ አልነበረም። ሲሠራልን ደግሞ የሰው ልጅ መጥቶ እንዲማርበት እንጂ የራሳችንን ልናስገባበት እንዳልነበረ ገና አሁን ገባኝ።

ልጁ የሚፈልገው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ነው። እሱ «ስድስት ኪሎ» ነው የሚለው፤ ሲለውም ድምፁ እንደ ቅዳሴ ረገብ ይላል። አልፈርድበትም። በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት የተከፈተ፣ በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን የለቀቁለት ግቢ ነው። የሚኒስትሩም የደራሲውም የአብዮተኛውም የሕይወት ታሪክ በዚያ በር ሲያልፍ ስንሰማ ኖረናል። «መልካም፤ እዚያ ሄደህ ምን ልትማር አሰብህ?» አልሁት።

«መጀመሪያ ልግባ፣ ጋሼ።»

ማመልከቻውን ጀመርን። «ጉዳዩ፦ ዝውውር ስለመጠየቅ» የሚለውን ለመጻፍ ጊዜ አልፈጀብንም። ምክንያቱ ላይ ስንደርስ ነው ቤቱ ወደ ሐኪም ቤትነት የተለወጠው። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው እንደሚያውቀው የዝውውር በሽታዎች ጥቂት ናቸው፦ ጨጓራ፣ ሳይነስ፣ አስም፣ ከሁሉ የሚከበረው ደግሞ «አየሩ አልተስማማኝም»። ጨጓራ ረክሷል፤ የሌለበት ሰው ስለሌለ ማንም አያዝንለትም። ሳይነስም እንደዚያው ሆኗል። እህቴ ቡናውን እየቆላች፣ «ብርዱ አልተስማማውም በልልኝ፤ ሕፃን ሆኖም ያስለው ነበር» አለች።

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ይህ ልጅ ከጮቄ የሚወርደውን ነፋስ ጠጥቶ ያደገ ነው። በነሐሴ በባዶ እግሩ ውሰታ ወንዝ ሲንቦጫረቅ ስንት ጊዜ በአርጩሜ አባርሬዋለሁ። ደግሞስ የት ሊሸሽ ነው? ደብረ ማርቆስም አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስድስት ኪሎማ ጭራሽ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይጠጋል። ከብርድ ሸሽቶ ወደ እንጦጦ ሥር መግባት ከዝናብ ሸሽቶ አሸንዳ ሥር እንደ መጠለል ነው። ይህንን ብነግራት እህቴ፣ «አንተ ጻፈው፤ ሜትር ይዞ የሚለካ የለም» ብላ ዘጋችኝ። ጻፍሁት።

በዚያው ሳምንት ሌላ እናት መጡ። ልጃቸው ቆላ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ ተመድባባቸዋለች፤ ማርቆስ እንድትመጣላቸው ይፈልጋሉ። «ሙቀቱ አልተስማማትም ይበሉልኝ፣ መምህር።» እኔም የእህቴን ልጅ ረቂቅ አወጣሁና «ብርዱ» የሚለውን «ሙቀቱ» አድርጌ፣ «አመልካቹን» ወደ «አመልካቿ» ለውጬ ገለበጥሁላቸው። ሁለቱም ወረቀቶች ያምሩ ነበር። (እውነተኛ ሕመም ያለበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ነፍሱን ሊያተርፍ ዝውውር የሚጠይቅ ልጅ መኖሩን አውቃለሁ፤ በእሱ አልቀልድም። የሚያናድደኝም የእሱ ወረቀት ከእኔ «ብርዱ» እና «ሙቀቱ» ጋር አንድ ክምር ውስጥ ተራ መጠበቁ ነው።)

ማመልከቻው ምላሽ እስኪያገኝ ልጁ ሥራ አልፈታም፤ ቴሌግራም ላይ የሚቀያየረው ሰው ያፈላልጋል። «ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ መቀየር እፈልጋለሁ፤ ያላችሁ አናግሩኝ» ይላል። ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ የሚል ከየት ይምጣለት! ስለዚህ ነገሩ ሦስተኛ ወገን፣ አራተኛ ወገን ያስገባ ጀመር። እሱ ወደ አንዱ፣ ያ ሰው ወደ ሌላው፣ ያኛው ደግሞ ማርቆስ አክስት አለችው። እኛ አገር በገበያ ቀን በቅሎ የሚለዋወጥ ገበሬ እንኳ ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሣል፣ እያስጋለበ አረማመዷን ይታዘባል። እነዚህ ግን አራት ዓመት የሚጋልቡትን ሲለዋወጡ ምን ክፍል አለ፣ ማን ያስተምራል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምን ይመስላል ያለ አንድም አልሰማሁ። የሚጠያየቁት ስለ ዶርምና ስለ ካፌ ነው።

እኔን ይህ ሁሉ የሚያስቀኝ ጎጃሜ ስለሆንሁ ነው። ዝውውርን ለጎጃም ማን ያስተምረዋል! ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን ስማቸውን ያስጠራቸው ከየአገሩ ተዛውሮ የመጣ ተሜ አይደለም? ከሸዋ የተነሣው የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር በዱላ እየተከላከለ ይደርሳል። አባቱ ፈልጎ እንዳያገኘው ስሙን ለውጦ የሚመጣም ነበር። የዛሬው አባት ልጁን አስከትሎ በየቢሮው ሲዞር ሳይ ያ ይታወሰኛል። ምክንያትህ ምንድን ነው ቢባል ተሜ የሚመልሰው አንድ ነው፤ «እገሌ የሚባሉ የቅኔ መምህር አሉ ሲባል ሰምቼ»። ብርዱማ ለሁሉም እኩል ነበር፤ ደበሎው አንድ፣ ጎጆው የሣር።

መግቢያውም እንዲህ የዋዛ አይምሰላችሁ። ሬጅስትራር የለም፣ ትራንስክሪፕት የለም። የኔታ ቀና ብለው ያዩህና ከማን ተምረህ እስከምን እንደደረስህ ይጠይቁሃል። «መወድስ ደርሻለሁ» ትላለህ። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ለተማሪ ትልቅ ማዕረግ ነው። «እስቲ ተቀኝ» ይሉሃል። ከተቀኘህ ከጓደኞችህ ጋር ትቀመጣለህ፤ ከተደናበርህ ወደ ጉባኤ ቃና፣ ወደ ሁለት ቤቷ፣ ከሕፃናቱ ጋር ትመለሳለህ። ያለ ማኅተም የሚሠራ የክሬዲት ቁጥጥር ነበር።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እኔ ራሴ በልጅነቴ ሦስት ጊዜ ተዛውሬያለሁ። የመጀመሪያውን ጉባኤ ቤት የለቀቅሁት የመንደሩ ውሾች ክፉ ናቸው ብዬ ነው። ሁለተኛውን፣ ሰዎቹ የሚሰጡት ቁራሽ ያነሰ መሰለኝ። ሦስተኛው ቦታ ጓደኛዬ አለ ብዬ ስደርስ የለም፤ እሱ ለካ እኔን ፍለጋ ወደ ሁለተኛው ተዛውሯል። በየደረስሁበት ጉባኤ ቃና ጀመርሁ። ሦስት ጉባኤ ቤት፣ ሁለት ሁለት ቤት፤ ቢደመር ስድስት ነው፤ አንድ መወድስ እንኳ አይሞላም። በመጨረሻ አባቴ በጆሮዬ ይዞ አስኳላ አስገባኝ። ስለዚህ የእህቴን ልጅ የምተቸው ከላይ ሆኜ አይደለም፤ በሙያው ስለቀደምሁት ነው።

መዛወርን በደንብ የሠራበት ሰው ከእኛው አገር አለ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ እየተዛወሩ ተማሩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ወርደው ዘመናዊውን ቀጠሉ። በየቦታው የረገፈ ጊዜያቸው ቢኖር በልብ ወለዳቸው በዛብህን የመሰለ የቅኔ ተማሪ ከየት አምጥተው ይጽፉት ነበር?

የልጁ የአጎት ልጅ ደግሞ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ሁለት ዓመት የሰፈር ኮሌጅ ተምሮ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ነውር የሌለው መንገድ ነው፤ እሱም እንደዚያ አደረገ። ግን ታላላቆቹ ጋ ሲደረስ በሩ የመርፌ ቀዳዳ ነው። ፕሪንስተን የሚባለው በእነሱ አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ ተዛዋሪ አልቀበልም ብሎ ቆይቶ በ2018 ሲከፍት፣ 1,429 ሰው አመለከተ፤ 13 ተቀበለ። ከመቶ አንድ አይሞላም። የቨርጂኒያው ልጅ እንደሚለው ታዲያ ወረቀቱ ላይ የሚጠየቀው ስለ አየር ጠባይ አይደለም፤ ካለህበት ለምን መውጣት ፈለግህ፣ እዚህስ መጥተህ ምን ልትማር ነው የሚል ነው። ይህንን በስልክ ሲያስረዳው የእኛው ልጅ በጥሞና አዳመጠና፣ «ብርድ ነው ብላቸው አይሰሙኝም?» አለው።

እኔ ከሁሉ የታዘብሁት ግን ሻንጣውን ነው። ልጁ ዶርም ከገባ በኋላ ሻንጣውን አልፈታም። ደብተር አልገዛም፤ «ልሄድ ነው እኮ» ይላል። ጓደኛ አልያዘም፤ «ልሄድ ነው እኮ»። የመጀመሪያውን አጭር ፈተና ሳይዘጋጅ ተፈተነ፤ ለምን ብለው አዲስ አበባ ሲሄድ እንደሚያካክሰው ነገረኝ። እህቴም በበኩሏ ለአዲስ አበባው ጉዞ በሶ ፈጭታ፣ ድርቆሽ አድርቃ፣ ቋንጣ ሰቅላ ጠበቀች። ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ እየመጣ የመንገዱን ስንቅ ሳይንቀሳቀስ በላው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የስድስት ኪሎው በር ሌላ ቁልፍ ገባበት። ዩኒቨርሲቲው በ2015 ራስ ገዝ ሆነ፤ ከ2016 ጀምሮም ተማሪውን በራሱ የመግቢያ ፈተና የሚመርጥ ሆነ። ዜናውን ለእህቴ ሳነብላት ረከቦቱን ትታ አሰበችና፣ «ራስ ገዝ ማለት ዘመድ አይሠራበትም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ የእሷ ይሻላል።

ማመልከቻው በመጨረሻ ተመለሰ። አልተከለከለም፣ አልተፈቀደም፤ «ያልተሟላ» ተብሎ ነው። ልጁና እናቱ ወረቀቱን ይዘው መጡ፤ ቡናውም ተፈላ፤ ያው አቦል ነው። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ብርዱ በቦታው አለ፤ የሐኪሙ ወረቀት ተያይዟል፤ ማኅተሙ ይታያል። ባዶ የቀረው «ሊማሩ የሚፈልጉት የትምህርት መስክ» የሚለው መስመር ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦበታል።

ልጁን አየሁት። ልጁ እናቱን አየ።

«አንተው አንድ ነገር ሙላለት እንጂ፣ ወንድም ጋሼ» አለች እህቴ ስኒውን እያቀበለችኝ፤ «ብቻ ብርዱን እንዳትነካብኝ።»