ፓራውልቷን የገደልኳት እኔ ነኝ

ስለ ራሴ ስናገር ቆጣቢ ነኝ እላለሁ። ባለቤቴ ይህንኑ ጠባይ ንፉግነት ትለዋለች። ማን ልክ እንደሆነ የለየልን የቪትዜ ፓራውልት ነው።

ጋሸናን ለማያውቅ፦ ከወልድያ የድልብን አቀበት ወጥቶ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ በሚዘልቀው፣ ድሮ ቻይኖች በሠሩት መንገድ ላይ ያለች መገንጠያ ናት። የላሊበላ መንገደኛ እዚህ ታጥፎ 64 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ብርዷ አጥንት ድረስ ይገባል። የብርዱን ነገር በኋላ እፈልገዋለሁና ያዙልኝ።

ጥፋቱ የአንድ አፍታ ነው። ሻይ ቤት ደጃፍ መኪናዬን ሳቆም የሲኖትራክ ሹፌሮች ተቀምጠው ያዩኝ ነበር፤ በአንድ እጄ መሪ ማዞር አማረኝ። የቦዩ ጠርዝ ድንጋይ አልታየኝም። ጭርርር አለ። ከፓራውልቱ ሥር ያለችው ጥቁር ፕላስቲክ ነጭ በነጭ ሆነች፤ አንዱ ክሊፕሷም ተሰብሮ ጫፏ ተንጠለጠለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን በዚሁ በዋድላና በደላንታ በኩል አስጎትተው፣ መንገዱንም እየጠረጉ መቅደላ አውጥተውታል። እኔ ተሠርቶ ባለቀ መንገድ ዳር አንዲት ቪትዝ ማቆም አቃተኝ።

ቤት ስገባ “በሬ ወጋት” አልኩ። ባለቤቴ የመቄት ገበሬ ልጅ መሆኗን ረስቼው ነበር። ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ፣ “ቀንዱ መሬት ለመሬት ነው እንዴ የሚሄድ?” አለችኝ።

“ተኝቶ ነበር” አልኩ።

በማግስቱ ጎሚስታው ልጅ አየልኝ። “አብሽር ጋሼ፣ ይቺማ ምን አላት! ወልድያ ይውሰዷትና በትኩስ ብረት ይበይዱልዎታል። እስከዚያ ግን ባይነኳት ይሻላል” አለ። ዋጋውንም ገመተልኝ። “ለፕላስቲክ?” ብዬ ሳቅሁበትና ከዚያው ከመገንጠያዋ ሱቆች ብርጭቆ ወረቀት፣ ሱፐር ግሉ፣ ስቱኮና የስፕሬይ ቀለም ሸመትኩ። ሒሳቡን ደምሬ ከልጁ ግምት ጋር አላስተያየሁትም። እንደዚህ ዓይነት ድምር የሚሠራ ሰው ንፉግ አይሆንም፤ ንፉግ ሰው የሚፈራው ለሌላ ሰው የሚከፍለውን ብቻ ነው።

በብርጭቆ ወረቀቱ ጀመርኩ። ሻካራው ጎበዝ መስሎኝ የመጨረሻውን ሻካራ ነው የገዛሁት። ያቺ ፕላስቲክ ለካ ቀለም የላትም፤ ጥቁረቷ ከሥጋዋ ነው፤ የላይዋ ሽፍ ሽፍ ያለ መልክም ፋብሪካ ውስጥ ከቅርጽ ማውጫው አብሮ የወጣ ነው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። የመዳፍ ያህል የነበረውን ጭረት ፈትጌ ፈትጌ የክንድ ያህል አደረግሁት።

ሱፐር ግሉው ጣቶቼን እርስ በርስ አጣበቃቸው፤ ፕላስቲኳን ግን እንቢ አለ። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አብዛኛው የመኪና ፓራውልት የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን ነገር ሠርቶ፣ በዚሁ ዘርፍ ሥራው በ1963 ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ገጹ ሰም የተቀባ ያህል ስለሆነ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ፕራይመር ካልቀደመ በቀር ማጣበቂያም ቀለምም አይዝለትም። ስቱኮውም የላሜራ ነበር። ላሜራ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ፓራውልት ግን ሲነካ እንዲተጣጠፍ የተሠራ ነው፤ ደረቁ ስቱኮ በመጀመሪያው ኮረኮንች ተሰነጣጠቀ።

እኔ ግን ገና ቀለም አልቀባሁም ነበር። ጎረቤት እንዳያየኝ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ብርዱን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ጣሳው ላይ ሞቅ ባለ ቦታ ይረጭ ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ ማንበብ የጀማሪ ሥራ ይመስለኛል። ለወረቀት ፕላስተር ገንዘብ ላለማውጣት መብራቱን በጋዜጣ ሸፍኜ በባለቤቴ የልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። ነፋሱ ጋዜጣውን ወሰደው። ቀለሙ ሳይደርቅ ወረደ፤ ግማሹ መብራቱ ላይ አረፈ። ነግቶ ባለቤቴ ስታየው “በሬው ተመልሶ መጣ?” ብላ ጠየቀች።

ለገና ወደ ላሊበላ የሚያልፉ ዘመዶች ሊያድሩብን ስለነበር፣ የተላጠውን ሁሉ በጥቁር ኪዊ ወለወልኩት። እውነት ለመናገር አማረ። ከእንግዶቹ አንዱ በነጭ ነጠላው ተደግፎት እስኪቆም ድረስ ማለቴ ነው።

በመጨረሻ ወልድያ ወረድኩ። ቀለም ቀቢው ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ “ይሄን የሠራው ማነው?” አለ።

“ጋሸና ያለ አንድ ሠራተኛ።”

“ሙያ የለውም።”

“ምንም የለውም” አልኩ፤ በዚያች ቀን የተናገርኩት እውነት ይኸው ብቻ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሳይነካት ብትመጣ ኖሮ በሙቅ አየር ለስለስ አድርጎ ጭረቱን እንደሚያደበዝዘው፣ ጥቁረቷም በአብዛኛው እንደሚመለስ ነገረኝ። አሁን ግን የስቱኮውና የቀለሙ መፋቂያ ብቻውን ከብየዳው በለጠ። ስሰናበተው፣ “ለዚያ ሠራተኛ የከፈሉትን ያስመልሱ” ብሎ መከረኝ። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ቪትዟን ልሸጣት ነው። ደላላው “ግጭት የማታውቅ” እያለ ያስተዋውቃታል፤ እኔም ሰምቼ አላረምኩትም። ገዢ ሆናችሁ ከመጣችሁ ኮፈኗን ከፍታችሁ አትድከሙ፤ ሞተሯን ነክቼው አላውቅም። ጎንበስ ብላችሁ ከፓራውልቱ ሥር እዩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ በሬው ብነግራችሁ አትመኑኝ።