ጉልቻው ሁለት ነው

እጅዎ ይባረክ ጌታዬ! በሲ ቋንቋ ሲጽፉ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ፈንክሽን አይስማማዎትም አሉ። ልክ ነዎት። የሊኑክስ ከርነል ለቢት ሥራ ያስቀመጣቸው አጋዥ ፈንክሽኖች ስንት ሰው ያገላበጣቸው ናቸው፤ የሰው ዓይን ያረፈበት ነገር ደግሞ ለሆድ ጥሩ አይደለም።

አንድ ቁጥር ከ1፣ 2፣ 4፣ 8 ወገን፣ ማለትም የሁለት ርቢ መሆኑን ማወቅ ፈለጉ እንበል። ቁጥሩን «ቀ» ብለው «(ቀ & (ቀ − 1)) == 0» ይጽፋሉ። አንድ መስመር፣ አለቀ። የከርነሉ ሰዎችም «ኢዝ ፓወር ኦፍ ቱ» ብለው ይህንኑ ጽፈዋል፤ ግን ፈሪዎች ስለሆኑ «ቀ ዜሮ ካልሆነ» የሚል ጨመሩበት። በእርስዎ ቤት ዜሮም የሁለት ርቢ ሆኖ ተሹሟል። ሹመት ያዳብር!

መልስዎን አውቀዋለሁ፦ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።» እውነት ነው፤ ጉልቻው ሦስት ከሆነ። የእርስዎ ሁለት ነው፤ ድስቱ እስካሁን ያልተደፋው ዜሮ እንግዳ ሆኖ ስላልመጣ ብቻ ነው።

ደግሞ ያቺ «1 << 31»! ቢት ቁጥር 31ን ብቻ ሊያበሩ አስበው ባለ 64 ቢት ተለዋዋጭ ውስጥ አስገቧት። የሲ ደረጃ ለዚህ ውጤት ምንም ዋስትና አይሰጥም። የተለመዱት ኮምፓይለሮች ግን ቸር ናቸው፤ የአሉታዊውን ምልክት እስከ ላይ እየቀዱ 33 ቢት ያበሩልዎታል። አንድ ጧፍ ለኩስ ቢሉት ደመራ ለኮሰ። «ቢት» የተባለው የከርነሉ ማክሮ 31 ቢሰጡት አንዷን ብቻ አብርቶ ዝም ይላል፤ ንፉግ!

ፍጥነትስ? የበሩትን ቢቶች ለመቁጠር 32 ጊዜ ይዞራሉ። ፕሮሰሰሩ «ፖፕካውንት» የሚባል ትእዛዝ ካለው የከርነሉ አጋዥ በዚያችው ይጨርሰዋል። እርስዎ ግን ለፍቶ አዳሪ ነዎት፣ አቋራጭ አይወዱም። ሲ23 እንኳ «ኤስቲዲቢት» የሚባል ራስጌ ፋይል አሰናድቶ ይጠብቅዎታል፤ ይጠብቅ።

ላለማዳላት፣ አጋዡን ሳያነቡ በራሳቸው ኮድ ቦታ የሚተኩም አሉ። በ32 ቢት ማሽን ላይ ባለ 64 ቢት ቁጥር ለ«ኢዝ ፓወር ኦፍ ቱ» ሰጥተው ላይኛውን ግማሽ ያስቆርጣሉ። እነሱ ግን ቢያንስ የሚያነቡት አላቸው።

የእርስዎ መስመር በአራት ፋይሎች ተገልብጣለች። በአራተኛው ላይ የውጭው ቅንፍ ተረስቷል፤ በሲ ደግሞ «==» ከ«&» ይቀድማል።