ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ስፖርት ሳይንስን የሚመርጥ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከሒሳብ ሸሽቶ የመጣ ነው። ቱታ ለብሶ፣ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ ሜዳ ዳር መቆም እንጂ ከግሪክ ፊደል ጋር መፋጠጥ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። «የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ» የሚል ኮርስ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ ዕለት፣ በመቶ ሜትር ማንም የማይደርስበት ልጅ እንኳ ወዴት እንደሚሮጥ ግራ ገባው።

መምህራችን ድንጋጤያችንን አይተው ትምህርቱን ከቢራ ጀመሩት። ዊልያም ጎሴት የሚባል እንግሊዛዊ ደብሊን ውስጥ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ ነበር። ጭንቀቱ የናሙና ማነስ ነው፤ ከጥቂት ናሙና ተነስቶ እስከ ምን ድረስ ደፍሮ መናገር እንደሚቻል አሰላና እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስላልፈቀደ «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ወጣ። ቲ-ቴስት የምንለው እሱ ነው።

የእኛም ችግር ያው ነው። ለጥናት ሃያ ሯጭ ትመዘግባለህ፤ ገሚሱ ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል፣ ገሚሱ ለክለብ ሙከራ ይሄዳል፣ አንዱ የእህቱ ሠርግ ይደርስበታል። በተረፉት ላይ ቆመህ ስለ ሰው ልጅ ልብና ሳንባ ልትፈርድ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከቢራ ፋብሪካ ሰው በቀር ማን ያድነዋል?

ቀጥለው ወደ አበበ ቢቂላ ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶኖች መጡ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2:15:16 ገባ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11።

«ሦስቱን ደቂቃ ማን ቀነሰለት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጫማው!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ከቶኪዮ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና አስወጥቷል። ለምን አንጀቱ አይሆንም?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጫማውም፣ አንጀቱም፣ ልምምዱም፣ መንገዱም፣ አየሩም አንድ ላይ ተለውጠዋል፤ ሯጩ ግን አንድ ሰው ነው። እውነቱን ለመለየት ብዙ ሯጭ ሰብስቦ፣ በዕጣ ከፍሎ፣ ለግማሹ ጫማ መግዛት፣ ግማሹን ቀዶ ጥገና ክፍል ማስገባት ሊያስፈልግ ነው። «ጫማውን በጀቱ አይችለውም፤ አንጀቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴው አይፈቅደውም» አሉና ሰሌዳውን አጠፉ።

ከዚያ ወዲህ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» የምትል ጥያቄ ምላሴ ላይ ተቀመጠች። ለምርምር ግሩም ናት፤ ለወዳጅነት ግን አትሆንም። ክለቡ ደጋግሞ ይሸነፍና አሰልጣኙን ያባርራል፤ አዲሱ ሲመጣ ያሸንፋል፤ ቡና ቤቱ በሙሉ አዲሱን ያወድሳል። እኔ ጣልቃ እገባለሁ። ከአቅሙ በታች የወረደ ቡድን ብዙ ጊዜ በራሱ ወደ አማካዩ ይመለሳል፤ አሰልጣኝ የሚባረረው ደግሞ ቡድኑ ሲወርድ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙን ትተው የስታዲየሙን ዘበኛ ቢያባርሩም ሳያሸንፉ አይቀሩም ነበር። ይህን ካልኩ በኋላ ማኪያቶ የሚጋብዘኝ ጠፋ።

የቤተሰብ ቡና ላይማ ይብሳል። ወሬው ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ወዳፈራው ወደ በቆጂ ሲዞር፣ ጋሼ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ምስጢር የለውም። ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ በሩጫ ይሄዳሉ።»

«ጋሼ፣ በሩጫ ተምረው አትሌት ያልሆኑትስ?»

«አንዱ ይኸው እኔ ነኝ!» አሉ፤ ሁለተኛውን ሲኒ እየተቀበሉ።

ናሙናው ፊት ለፊቴ ቡና እየጠጣ ነው። ለፍትሕ ስል ግን አንድ ነገር ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ከተራው ሰው ጋር አወዳድሮ፣ ከማራቶን ሯጮቹ መካከል ትምህርት ቤት በሩጫ ይሄድ የነበረው እንደሚበዛ አግኝቷል።

«ታዲያ እኔ ያልኩትን ነው የደገሙት!»

«እነሱ ግን ሯጮቹን ብቻ ጠይቀው አልሄዱም፤ እንደ እርስዎ ያለውንም ጠይቀዋል።»

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ ቅር ብሏቸው። ከዚያ ሆዴን ገረፍ አድርገው አዩት። «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ሒሳብ ስትማር አንተ ራስህ ትሮጣለህ? ፈጣን ነህ?»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የማመልጥበት መንገድ መቼም አላጣም። «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» አልኩ።

«ከእኔ ጋር» አሉና ጫማቸውን ያወልቁ ጀመር።