ቆላ ድባ ሆይ፣ ዘንባባ ትከዪ

ቆላ ድባ ሆይ፣ እስከ መቼ ዋርካ ሥር ትቀመጫለሽ? እህት ከተሞችሽ ሠልጥነው አስፋልት ዳር ዘንባባ ሲደረድሩ፣ አንቺ በገበያ ቀን ሰውሽንም አህያሽንም አንድ ጥላ ሥር አጭቀሽ ትውያለሽ። «ስሜ ቆላ ቢሆንም አየሬ ወይና ደጋ ነው» እያልሽ አትጽናኚ፤ የሚያዝያ ፀሐይ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አላነበበችም።

መጀመሪያ ዋርካውን ቁረጪ። ጥፋቱ ብዙ ነው። ለሊስትሮው፣ ለበቆሎ ጠባሿ፣ ለሚያስታርቁት ሽማግሌዎች፣ መታወቂያ እንኳ ሳያይ ጥላ ያድላል። ውሃውንም ከመሬት ሥር ራሱ ፈልጎ ይጠጣል እንጂ ቦቴ አያስጠራም። ነዳጅ የለው፣ ጨረታ የለው፣ አበል የለው። እንዲህ ያለ ዛፍ ሪፖርት ላይ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

በቦታው ዘንባባ ይቁም። ዘንባባ ጨዋ ነው፤ ፎቶ ላይ ያምራል፣ የሱቅ ማስታወቂያ አይጋርድም፣ ያለችውን ጥላ አናቱ ላይ ለራሱ ይይዛታል። (ባሕር ዳሮች አትቀየሙኝ። ዘንባባችሁን አደንቃለሁ፤ የምቀመጠው ግን ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ነው።)

ባለፈው መጋቢት ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጅ እጠብቅ ነበር። የዘንባባ ጥላ ከግንዱ አይሰፋም። ስለዚህ አምስት ሰዎች አንዳችን ከሌላችን ጀርባ፣ በግንዱ ጥላ ልክ ቆምን፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር እኛም እንደ ሰዓት ዘንግ ፈቀቅ እንላለን። አንድ መንገደኛ «የዘይት ወረፋ ነው?» ብሎ ስድስተኛ ሆነ።

በዚህ መሀል ቦቴ መጣና ለዘንባባውና ለሳሩ ውሃውን ለቀቀው። ሳሩ ጠጥቶ ሲጠግብ ትርፉ አስፋልቱን ያጥብ ጀመር። ከማዶ፣ ፈረቃው ያልደረሰው ቦኖ ፊት፣ ቢጫ ጀሪካኖች ባለቤቶቻቸውን ወክለው ተሰልፈዋል። አንዲት እናት አንዱን አንሥተው ወደ አጠጪው መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ቅዳልኝ፤ ለልብስ ማጠቢያ ነው።»

«እማማ፣ ይሄ የዛፍ ውሃ ነው፤ ለሰው አልተፈቀደም።»

እናት ዘንባባውን ሽቅብ አዩት። «እንግዲያው እኔንም እዚሁ ትከለኝ።»

ጥላ የቸገረን እኛን ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ የበረሃ ከተማ ፊኒክስ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2023 ለ31 ተከታታይ ቀናት ከ43 ዲግሪ በላይ ነዳለች። እዚያም ዛፉ በብዛት ለሀብታሞች ሰፈር፣ ፀሐይዋ ለድሆች ሰፈር ተመድባለች። እነሱ ግን ይህን ችግር ነው ብለው ጥላ የሚያዳርሱበት ዕቅድ አወጡ። ምስኪኖች! እኛ ውበት ብለነው ተገላገልን።

መትከሉንማ እናውቅበታለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮናል። ሐምሌ ጥሩ ወር ነው፤ አጠጪው እግዚአብሔር ነው። ጣጣው ጥር ላይ ነው። ጥር ላይ ደግሞ ካሜራ አይመጣም።

አንቺ የደምቢያ ልጅ፣ አረንጓዴ ብርቅሽ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. መገጭ ወንዝ ጣና ሐይቅ በሚገባበት በኩል የታየው እምቦጭ አረም ያለ ችግኝ ጣቢያ፣ ያለ በጀት፣ ሪባን ሳይቆረጥለት ዳርቻሽን አለበሰው። ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ነው፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ጥላው ለዓሣ እንኳ አይበጅም። ከአስፋልቱ ዘንባባ ጋር ሳይዛመዱ አይቀሩም።

እና ቶሎ በዪ፣ ቆራጮችን መጥረቢያ አሲዘሽ ላኪያቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ቆራጮቹ ዋርካው ሥር ምሳቸውን በልተው፣ ትንሽ ጋደም ብለው እስኪነሡ ታገሻቸው።